«ፀጉሯን ተላጭታ ትምጣ»

ባለፈው ሰኞ ማታ ጎረቤቴ ወረቀት ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ» አለችኝ። ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ግልባጭም አለው፤ ግልባጩ ለመዝገብ ቤት ነው። ይህ ሁሉ ወግ የተደረገው ለ3ኛ ክፍል ተማሪዋ ልጇ ራስ ነው። «ልጅዎ የግል ንጽሕናዋ ባለመጠበቁ ቅማል ስለተገኘባት ፀጉሯን ተላጭታ እስክትመጣ ድረስ ወደ ግቢ እንደማትገባ እናሳውቃለን» ይላል።

እኔን የያዘችኝ «ባለመጠበቁ» የምትለዋ ቃል ናት። ጸሐፊው ቅማሉን አየ እንበል፤ ንጽሕናውን ግን በምን ዓይኑ አየው? ይህቺ ሴት ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እየኖረች ቅዳሜ ቅዳሜ የልጇን ራስ ሳታጥብ አትውልም። የራስ ቅማል ደግሞ የታጠበ ፀጉር ካልታጠበ አይመርጥም። አይዘልም፣ አይበርም፤ የሚሻገረው በአብዛኛው ጭንቅላት ከጭንቅላት ሲነካካ ነው። ታዲያ ልጆቹን በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት አድርጎ ያስቀመጣቸው ማነው? ለእሱ ግልባጭ አልተደረገለትም።

ቅማል ለመጀመሪያ ጊዜ የያዛት ልጅ ማሳከክ እስኪጀምራት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። እንግዲህ ይህቺ ልጅ ምናልባት ወር ሙሉ ከጓደኞቿ ጋር ራስ ለራስ ገጥማ ስትጽፍና ስትጫወት ከርማለች። አሁን ማባረር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። በግራና በቀኝ የሚቀመጡትን ሁለቱን ማን አያቸው? ማንም። እሷ የታየችው ሰልፍ ላይ ጥፍርና ፀጉር ሲመረመር፣ በተማሪው ሁሉ ፊት፣ ሹሩባዋ በእስክሪብቶ ጫፍ ተገልጦ ነው። «ቅማላም» የሚለው ስም የወጣላት እዚያው ሰንደቅ ዓላማው ሥር ነው።

መምህራኑ ጨካኞች ናቸው ለማለት አይደለም። ታይፈስና የሚያገረሸው ትኩሳት፣ ግርሻ፣ በየእስር ቤቱና በየጦር ካምፑ ያደረሱትን የሰማ ሰው ቅማል ሲባል ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ሻርል ኒኮል የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም የታይፈስ አስተላላፊ ቅማል መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1909 ደርሶበት በ1928 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ያ ግን በልብስ ስፌት ውስጥ የሚደበቀው፣ ልብስ ሲቀቀል የሚያልቀው የልብስ ቅማል ነው። የራስ ቅማል ጣጣው ማሳከኩና እንቅልፍ መንሳቱ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ጽሑፍ በዚህ ምክንያት ልጅ ከትምህርት መቅረት የለበትም ብሏል።

መላጨት ይሠራል፣ አልክድም። ፀጉር የሌለበት ራስ ለቅማል አይመችም። ግን የ9 ዓመት ሴት ልጅ ናት። አያቷ ከገጠር ቢመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ማን ሞቶባችሁ ነው?» ብለው ነው፤ በእርሳቸው አገር ሴት ራሷን የምትላጨው ለሐዘን ነው። ሌላ መንገድ ቢጠፋ ኖሮ አንድ ነገር ነበር። እርጥብ ፀጉር ላይ ኮንዲሽነር ቀብቶ ጥርሱ በተጠጋጋ ሚዶ በየሁለት ሦስት ቀኑ፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ማበጠር ነው። ፐርሜትሪን የተባለው መድኃኒት ከተገኘ ደግሞ ከ9 ቀን ገደማ በኋላ ይደገማል፤ ቅጫሙ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ስለሚፈለፈል አንዴ ቀብቶ መተው ዋጋ የለውም። እናቶቻችን ደጃፍ ላይ ተቀምጠው፣ ራሳችንን ጭናቸው ላይ አጋድመው ሲቀምሉን ከዚህ ብዙ አልራቁም ነበር፤ ወሬም እያወሩን።

ከዚህ ሁሉ አንዱ እንኳ ደብዳቤው ላይ የለም። ስለዚህ እናትየዋ የሰማችውን አደረገች። ማክሰኞ ማታ ብቅ ስል ነጭ ጋዝ በኩባያ ቀድታለች፣ ልጅቱ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፣ ማንደጃው ደግሞ ከሰሉ ፍም ሆኖ ከእግሯ ሥር አለ። ኩባያውን ነጥቄ ወጣሁ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ አለቀሰች እንጂ። «ጋሼ፣ ሐሙስ ፈተና አላት እኮ!»

ረቡዕ ተላጨች። ሐሙስ ጠዋት አጎቷ የገዛላትን ቀይ ኮፍያ አድርጋ ሄደች። ዘበኛው በር ላይ አወለቀባት፤ የደንብ ልብስ አይደለም።

ዓርብ ሌላ ደብዳቤ መጣ፣ ማኅተሙም ግልባጩም እንዳለ። ስለ ኮፍያው ነው።