ከስፌቱ ራቅ ብሎ

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ኦፕራሲዮን የሆነ ሰው ተኝቶ ይሰነብታል፤ አስታማሚውም ንቅንቅ እንዳይል ይጠብቀዋል። «ስፌቱ ይፈታል» የሚለው ፍርሃት ከቡሬም ከጃቢ ጠህናንም ከሕመምተኛው ጋር ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ድረስ ይመጣል። እኔን ፊዚዮቴራፒስቱን ከቁስሉ ይልቅ የሚያደክመኝ ይኸው ፍርሃት ነው።

በእኛ አገር አንጀቱ ተጠምዝዞ ሆዱ የሚከፈት ገበሬ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው ሕመሙን ፈርቶ ላይ ላዩን ይተነፍሳል፣ ሳሉንም ይውጣል። አክታው ታች ይቀራል፤ ሳንባው ከሥሩ በደንብ አይከፈትም፤ የሳንባ ምች የሚከተለው ከዚህ ነው። ስለዚህ ሥራዬ ከጋቢ ይጀምራል። አጣጥፌ ስፌቱ ላይ አስቀምጥና «አባቴ፣ በሁለት እጅዎ ጠበቅ አድርገው ይያዙት፤ አሁን ይሳሉ» እላለሁ። ይስላሉ። ስፌቱ እንዳለ ነው። ከዚያ ወዲያ የምላቸውን ይሰማሉ።

ቀጥዬ እጆቼን ከጀርባቸው ሥር አስገብቼ፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ያሉትን የጎድን አጥንቶች በጣቶቼ ጫፍ ቀስ ብዬ አነሳለሁ፣ እለቃለሁ። ይህ አያያዝ ከኦስቲዮፓቲ የመጣ ነው፤ አሜሪካዊው ሐኪም አንድሪው ቴይለር ስቲል እ.ኤ.አ. በ1874 ካስተዋወቀው የእጅ ሕክምና። በአገሩ የዚህ ሙያ ሐኪሞች መድኃኒት ያዝዛሉ፣ ቀዶ ሕክምናም ያደርጋሉ። አያያዙ አንጀትን ቶሎ ሥራ ያስጀምራል የሚሉ አሉ፤ ማስረጃው ግን ገና አያጠግብም። እኔ ትንፋሹ ጠለቅ ሲል በመዳፌ ይሰማኛል፤ ከዚያ በላይ ቃል አልገባም። ተነሥቶ መራመድን የሚተካ መታሸትም አላየሁም።

ወጌሻን አልንቅም፤ ውልቃት በመመለስ እጃቸው የተፈተነ አሉ። የተከፈተ ሆድ ግን ሌላ ነው። ቁስሉ ሳይገጥም ቅቤ መቀባት (ቅቤ ቤት ውስጥ እያለ ማን ይታገሳል!) ኢንፌክሽን ይጋብዛል። ባት አብጦ ሲያም ደግሞ ማሸት የረጋውን ደም ወደ ሳንባ ሊሰደው ይችላል። ጠባሳን ለማላላት የሚታሸው ቁስሉ ፈጽሞ ከዳነ በኋላ፣ ያውም ሐኪም ሲፈቅድ ነው።

እናም ሕመምተኛውን ልትጠይቁ ስትመጡ «ዝም ብለህ ተኛ» አትበሉት፤ ሐኪሙ ከፈቀደ ደግፋችሁ እስከ በሩ አራምዱት። አንድ ባቱ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን ማንም ሳያሸው ወዲያው ለሐኪም ንገሩ።