ስለ ሰላም የሚጻፉ ጥናቶች ከቡራዩና ከሰንዳፋ ሲታዩ

በዘርና በሃይማኖት ተለያይቶ በሚኖር ሕዝብ መካከል ሰላም እንዴት ሊጸና እንደሚችል የሚመረምር ጥናት በዛሬው ጊዜ በየከፍተኛ ትምህርት ቤቱ በብዛት ይጻፋል። እኛም ለመመረቂያ ድርሰታችን ርእስ ስንፈልግ ከእነዚሁ ጥናቶች አንዳንዶቹን ስናነብ ከርመናል። ሐሳባቸው በጎ፣ ድካማቸውም የሚመሰገን እንደ ሆነ አንክድም። ነገር ግን መጽሐፉን ዘግተን በአዲስ አበባ ዙሪያ ወዳሉት ከተሞች፣ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሰበታ፣ ወደ ሱሉልታና ወደ ሰንዳፋ ስንወጣ፣ ከመጽሐፉ የተማርነውና በዐይናችን የምናየው አልገጥም እያለ አስቸገረን። ይህች አጭር ጽሑፍ ያ አለመግጠም ከምን እንደሚመጣ ለመመርመር የተዘጋጀች ናት። ዓላማችን ሊቃውንቱን ማቃለል ሳይሆን፣ እኛ ተማሪዎች ነገ ተመሳሳይ ጥናት ለመጻፍ ብዕር ስናነሣ ከምን መጠንቀቅ እንደሚገባን ማሳየት ነው።

በመጀመሪያ ነገሩን በአጭሩ እናስታውስ። ከመስከረም 4 እስከ 6 ቀን 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ከተማ በአሸዋ ሜዳ፣ በከታና በአካባቢያቸው በሚኖሩ ሰዎች ላይ፣ ይልቁንም በጋሞና በዶርዜ ተወላጆች ላይ ግድያና ዘረፋ ደረሰ። የሞቱትን ሰዎች ቁጥር ፖሊስ በመጀመሪያ 23 ሲለው፣ አምነስቲ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት 58 አድርሶታል። በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተጠለሉ። ከእነዚህም መካከል ሸማኔዎች ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ወጣቶች ደም ለመመለስ ተነሥተው፣ በከተማው በሚኖሩት የኦሮሞ ተወላጆችና በንብረታቸው ላይ ሊዘምቱ ሲሉ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም የአባቶቻቸውን ሣር ረግጠው ለማለፍ አልደፈሩምና ተመለሱ።

ይህ ድርጊት በአገር ሁሉ ተመሰገነ፤ መመስገኑም የሚገባ ነው። ስለ ባህላዊ ዕርቅ የሚጽፍ ተማሪም የአርባ ምንጩን ሣር እንደ ማስረጃ መጥቀስ ይወዳል። ከዚያም ባህላዊው ሥርዓት ሊጠናከር ይገባል ብሎ ይደመድማል። የመጀመሪያው ሒሳችን በዚህ መደምደሚያ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሣሩ ለምን ሠራ የሚለውን ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋልና።

ስለ ጋሞ ደጋ የጻፉትን እንደ ዳን ስፐርበርና እንደ ዲና ፍሪማን ያሉትን የአንትሮፖሎጂ ሊቃውንት ያነበበ ሰው መልሱን ለማግኘት ብዙ አይቸገርም። በጋሞ የአገር ጉዳይ የሚመከረው ዱቡሻ በተባለው የጉባኤ ሜዳ ነው። ወግን ያፈረሰ ሰው ደግሞ ጎሜ ይይዘዋል ተብሎ ይታመናል፤ መከራውም በእሱ ብቻ ሳይወሰን ለቤተ ሰቡና ለአገሩ ይተርፋል። ስለዚህ ሣር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌ ብቻውን የቆመ ደካማ አዛውንት አይደለም፤ ከኋላው ዱቡሻው፣ ጎሜውና የአገሩ ወግ አሉ። ወጣቱም ይህን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃል።

እንግዲህ ሽማግሌዎቹ የመለሱት የገዛ ልጆቻቸውን እንደ ነበረ ልብ እንበል። በቡራዩ ቤት ይሰብሩ በነበሩት ላይ ግን ሥልጣን አልነበራቸውም፤ እነዚያ ዱቡሻን አያውቁም፣ ጎሜንም አይፈሩም። የኦሮሞ ሕዝብም በበኩሉ እርጥብ ሣርን ያከብራል፤ በኢሬቻ በዓል በእጁ ይዞት ይወጣል፤ የደም ጠብንም በጉማ ሥርዓት ያስታርቃል። ስለዚህ የጎደለው የሰላም ምልክት አይደለም። ጉማ ግን ገዳዩ ማን እንደ ሆነ ታውቆ፣ ወገኑ ኀላፊነቱን ተቀብሎ፣ ሟችና ገዳይ ወገኖች በአንድ ሕግ ሲያምኑ የሚፈጸም ነው። ከየአቅጣጫው ተሰብስቦ የመጣ ሁከተኛ ግን ስሙ አይታወቅም፤ ስሙ ያልታወቀውን ገዳይ ደግሞ በሽማግሌ ፊት ማቆም አይቻልም። ባህላዊው ዕርቅ በአንድ ወግ ጥላ ሥር ያለውን ሰው አጥብቆ ይገታል፤ በሁለት ወግ መካከል ባለው ክፍት ቦታ ግን ጉልበቱ ይደክማል። እንደ ቡራዩ ያለ፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሞላው ከተማ በዚያ ክፍት ቦታ ላይ የቆመ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 በአሉላ ፓንክረስትና በጌታቸው አሰፋ አዘጋጅነት ስለ ኢትዮጵያ ባህላዊ ዳኝነት የታተመው የጥናት ስብስብ የብዙ ብሔረሰቦችን ሥርዓት ስለሚያስተዋውቅ ለማንኛውም ተማሪ ጠቃሚ ነው። ጥፋቱ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ አንብቦ አንድ ብሔረሰብን ለብቻው መርጦ፣ የሽማግሌዎቹን ቃል ጽፎ፣ ሥራውን እንደ ፈጸመ የሚቈጥረው ተማሪ ላይ ነው። ደግሞም ባህል ሁሉ ያቅፋል ማለት አይደለም። ፍሪማን እንደምታስረዳው፣ በጋሞ ደጋ ሸክላ የሚሠሩት ማናዎችና ቆዳ የሚፍቁት ደጋላዎች በጥንቱ ሥርዓት እንደ ሙሉ ዜጋ አይቈጠሩም ነበር። ባህሉ ይጠናከር የሚል ጸሐፊ የትኛው ክፍል እንዲጠናከር፣ የትኛውም እንዲቀር እንደሚሻ ቢነግረን መልካም ነበር።

ሁለተኛው ሒሳችን መቀራረብ ራሱ ፍቅርን ይወልዳል በሚለው አስተሳሰብ ላይ ነው። የዚህ ሐሳብ አባት ተብሎ የሚጠቀሰው ጎርደን ኦልፖርት ነው። ነገር ግን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው መጽሐፉ መቀራረብ ብቻውን ይበቃል አላለም። የሚቀራረቡት ሰዎች በክብር እኩል ሲሆኑ፣ አንድ ግብ ሲኖራቸው፣ ለግቡም አብረው ሲሠሩ፣ ሕግና ባለሥልጣንም ሲደግፋቸው ጥላቻው እንደሚቀንስ ነው የጻፈው። ብዙዎቹ ጥናቶች መቀራረቡን ወስደው ቅድመ ነገሮቹን ይተዋሉ።

ይህን ከራሳችን ኑሮ መመስከር እንችላለን። በተማርንበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጣን ልጆች በአንድ አዳሪ ቤት ተኝተን፣ በአንድ ጸሎት ቤት ዘምረን አድገናል። የደጉን ሳምራዊ ታሪክ በቃላችን እናውቀው ነበር። ይሁን እንጂ በምግብ ሰዓት ገበታው በቋንቋ ይከፈል ነበር፤ አንድ የሸማኔ ልጅም በአባቱ ሥራ ሲሰደብ ሰምተን ዝም ብለናል። ያን ክፍፍል የሰበረው ስብከቱ አልነበረም። የአትክልት ቦታው ሥራ በቡድን ሲከፈል፣ ቡድኑም ከሁሉ ቋንቋ ተውጣጥቶ የሚያመርተውን ራሱ እንዲበላ ሲደረግ ያ የሸማኔ ልጅ የቡድናችን አለቃ ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ በአባቱ ሥራ ሲሰደብ አልሰማንም። ኦልፖርትን ያነበብነው ከዚያ ብዙ ዘግይተን ነው።

አሹቶሽ ቫርሽኒ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ነገር በከተማ መጠን መረመረው። ስድስት የሕንድ ከተሞችን ሁለት ሁለት አድርጎ፣ ሁከት የለመደውን በሰላም ከኖረው ጋር አነጻጸረ። በመንደር የዕለት ጉርብትና ሊበቃ ይችላል፤ በከተማ ግን ሂንዱውና ሙስሊሙ በአንድነት የሚሠሩባቸው የንግድ፣ የሙያና የሠራተኛ ማኅበራት ያስፈልጋሉ አለ። ይህን ሲያነብ እድርን የማያስታውስ ኢትዮጵያዊ አይገኝም። ነገር ግን እድር አለን ብለን ለመመካት ከመቸኰላችን በፊት መጠየቅ ያለብን ነገር አለ። የቡራዩ እድሮች መዝገብ ሲገለጥ ጋሞው፣ ኦሮሞው፣ አማራውና ጉራጌው በአንድነት ተጽፈው ይገኛሉ ወይስ በየብቻቸው? ክርስቲያኑና እስላሙስ? ደግሞም እድር ሰው ከሞተ በኋላ ድንኳን ሊተክል የተቋቋመ ማኅበር ነው፤ የእድሩ ጥሩንባ ሰው ከመሞቱ በፊት ለማዳን የሚነፋበት ጊዜ አለን? ይህን በመዝገብና በምስክር የሚመረምር ጥናት ከአሥር አጠቃላይ ድርሰቶች ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለናል።

ለቫርሽኒም መልስ ሰጪ አልታጣም። ስቲቨን ዊልኪንሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ማኅበር ቢኖርም ባይኖርም ሁከት የሚቆመው ፖሊሱን የሚያዝዘው መንግሥት ሊያቆመው ሲፈልግ ነው፤ የሚፈልገውም የተጠቂዎቹ ድምፅ በምርጫ ሲያስፈልገው ነው ብሎ ተከራክሯል። ይህ መራራ ቃል ነው፤ ቢሆንም ችላ ሊባል አይገባውም። ፖሊስ በሰዓቱ አልደረሰልንም የሚል አቤቱታ ከቡራዩ ተፈናቃዮች ተሰምቶ ነበር። የፖሊስ መኰንኖች የሚሠለጥኑበት ትልቅ ትምህርት ቤት የሚገኘው በዚሁ በሰንዳፋ ነው። የሰላም ተመራማሪው ሽማግሌ ፍለጋ ሲወጣ በበሩ ያልፋል፤ ሁለት ዓይነት ሕዝብ በሚኖርበት ሰፈር መኰንኑ በመጀመሪያው ሰዓት ምን እንዲያደርግ ይማራል ብሎ ግን ገብቶ ሲጠይቅ አላየንም።

ሦስተኛው ሒሳችን ‹‹የተከፋፈለ ኅብረተሰብ›› በሚለው ስያሜ ላይ ነው። ስያሜው መልሱን ከጥያቄው በፊት ያስቀምጣል፤ ከፋፋዩ ዘር ወይም ሃይማኖት እንደ ሆነ አስቀድሞ የወሰነ ተመራማሪ ሌላውን አያይም። ሰንዳፋን እንመልከት። በ2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቈሻሻ እንዲደፋበት በሰንዳፋ አጠገብ የተሠራው ቦታ ሥራ ጀመረ። በአካባቢው ያሉት ገበሬዎች ሽታውና ፍሳሹ ጎዳን ብለው ተቃወሙ፤ ሥራውም በጥቂት ወራት ውስጥ ቆመ፤ ቈሻሻውም ወደ ቀድሞው ቦታ ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ዘር ከዘር፣ ሃይማኖትም ከሃይማኖት አልተጋጨም፤ ስለዚህ በሰላም ጥናቶች ዝርዝር ውስጥ ቦታ አያገኝም። ነገር ግን የሰንዳፋን ገበሬና የቆሼን ድኻ ሳይማክር በሁለቱም ላይ ሸክም የጫነው አሠራር፣ በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. ስለ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ማስተር ፕላን ከተነሣው ደም ካፈሰሰ ተቃውሞ ጋር አንድ ሥር ያለው ነው። በ2015 ዓ.ም. ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ሌሎችም ሸገር በተባለው ከተማ ሥር ሲጠቃለሉም ቤቶችና መስጊዶች ፈረሱ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር መስጊዶቹ መፍረሳቸውን በመቃወም በአዲስ አበባ በአንዋር መስጊድ በተነሣው ሰልፍ የሰው ሕይወት ጠፋ። ይህን የሃይማኖት ጉዳይ ብቻ የሚል ሰው መሬቱን ረስቷል፤ የመሬት ጉዳይ ብቻ የሚልም ሰው ምእመኑን ረስቷል።

ዮሐን ጋልቱንግ እ.ኤ.አ. በ1969 በጻፈው ጽሑፍ ጦርነት በሌለበት ብቻ በሚገኝ ሰላምና ፍትሕ ባለበት ሰላም መካከል ያለውን ልዩነት አስተምሯል። ይህን ልዩነት ተማሪው ሁሉ በመግቢያው ይጠቅሰዋል፤ ወደ ሐተታው ሲደርስ ግን ተኩሱ ቆመ፣ ሽማግሌ ታረቀ ብሎ ይደመድማል። ሸማኔው ወደ ቤቱ ተመለሰ ወይ? መሣሪያውን ማን ተካለት? ቤቱ የቆመበት መሬትስ በስሙ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ካልተመለሱ የተገኘው የፊተኛው ዓይነት ሰላም ብቻ ነው።

ሽማግሌዎቹ ባይኖሩ አርባ ምንጭ ትቃጠል ነበር የሚል ተቃዋሚ ይኖር ይሆናል። እኛም እንስማማለን። እነዚያ አባቶች የሚገባቸውን ሠሩ፤ የእኛ ነቀፋ ወደ እነሱ አይደርስም። የምንነቅፈው የእነሱን ጉልበት እያመሰገንን የፖሊሱን፣ የመሬት ጽሕፈት ቤቱንና የማኅበራቱን ሥራ ሳንመረምር መቅረታችንን ነው። ሽማግሌን ማመስገን ማንንም አያስቈጣም፤ ምናልባትም መደምደሚያው የተወደደው ስለዚህ ይሆናል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ሁላችን እናውቃለን፤ በሰላም ስብሰባም ሁሉ ይነገራል። ነገር ግን ድር በራሱ አያብርም። ሴቲቱ ጥጡን ትፈትለዋለች፤ ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ ማጉን እየወረወረ ያያይዘዋል፤ ይህም የብዙ ቀን ሥራ ነው። በቡራዩ የተገደሉትና የተባረሩት ሰዎች ይህን ሥራ የሚያውቁ ነበሩ። ስለ ሰላም የምንጽፍ ሁሉ ጋቢውን ለብሰን ከማድነቅ አልፈን፣ ድሩ የት ላይ እንደ ተበጠሰ አጎንብሰን ብንፈልግ፣ ጥናታችን ለእነሱ ከሐዘን ቃል የተሻለ ነገር ይሆናል ብለን እናምናለን።