ሦስቱ ኩንታል ከየት መጣ?

ወንጀል ያለበት ድራማ ስጽፍ ከመጨረሻው እጀምራለሁ። ጥፋተኛውን መምረጥ አያስቸግርም፤ የሚያለፋው በምን እንደሚያዝ መወሰኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1941 የወጣው የማርክስ ወንድማማቾች ፊልም «ዘ ቢግ ስቶር» ይህን በቀልድ ያሳያል። የአንድ ትልቅ መደብር ሥራ አስኪያጅ፣ ግሮቨር፣ የመደብሩን ግማሽ የወረሰውን ዘፋኝ አስገድሎ፣ የሌላውን ግማሽ ባለቤት አግብቶ ሁሉንም ሊጠቀልል ያሴራል። ተመልካቹ ክፉውን ገና ከጅምሩ ያውቀዋል። ስለዚህ መጨረሻው የሚመልሰው «ማን ነው?» የሚለውን ሳይሆን «በምን ይረጋገጥ?» የሚለውን ነው። መልሱ ፎቶግራፍ ነው። በባለጎማ ጫማና በብስክሌት መደብሩን የሚያተራምሰው ሩጫም ያንን ፎቶግራፍ ለመያዝ ነው።

ሰው ሰብስቦ ጥፋተኛ ማውጣት ለእኛም እንግዳ አይደለም። በአውጫጭኝ የአገሩ ሰው ተጠርቶ ይቀመጣል፤ ወንጀለኛው ሳይታወቅ መበተን የለም። የሚጠቁመው ግን «ወፍ» ነው፤ ማን እንደተናገረ አይገለጥም። ለጠቋሚው ደኅንነት ይበጃል፤ ለመድረክ ግን ወፍ አይበቃም። ተመልካች ራሱ ያላየውን ምስክር አይቀበልም።

የእኔ ድራማ «መደብር» በፎገራ፣ ወረታ ያለ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ነው። ከርብና ከጉማራ ወንዞች ዳር ሩዙ እዚያ ይወርዳል። ገበሬው፣ ደላላው፣ ተሸካሚው፣ በደብረ ታቦር መገንጠያ በኩል የመጣው ነጋዴ በአንድ ጣሪያ ሥር ይጋፋሉ። ከመጋዘኑ ጆንያ ጠፋ እንበል። ተጠርጣሪው በመጀመሪያው ትዕይንት አሥር ኩንታል ነጭ ሩዝ መሸጡን እየፎከረ ይናገራል፤ ወዲያው የደላሎች ጭቅጭቅና ሳቅ ይከተላል። ብዙ ቆይቶ ሲጠየቅ፣ «አሥር ኩንታል ያልተፈለፈለ ገዝቼ አስፈልፍዬ ነው» ይላል።

የፎገራ ሰው ከ100 ኪሎ ያልተፈለፈለ ሩዝ 70 ኪሎ ነጭ ከወጣ ደኅና እንደሆነ ያውቃል። ጆንያ የሚሰፉት እናት ከጥግ ሆነው፣ «ልጄ፣ ሦስቱን ኩንታል ማን ወለደው?» ቢሉት ነገሩ አለቀ።

ሁለቱ «አሥር ኩንታል» የሚነገሩበትን ርቀት መመጠን ሥራዬ ነው። ከተቀራረቡ አዳራሹ ቀድሞኝ ይጮኻል፤ ያለ ልክ ከተራራቁ የመጀመሪያው ይረሳል። ድራማው አዲስ አበባ ቢታይ ደግሞ አንድ ጆንያ ሳይፈለፈልና ተፈልፍሎ ሲመዘን የሚያሳይ ትዕይንት ቀድሞ ይግባ እላለሁ፤ አለዚያ የእናትየው ጥያቄ ለከተማው ተመልካች ከወፍ ጥቆማ አይሻልም።