ቀዩ መብራት በላስታ ዳገት ላይ

የጥገና መጽሐፍ ሂስ ይጻፍበታል ወይ ለሚል ሰው የጆን ሚውርን ቮልስዋገን የመጠገኛ መጽሐፍ አሳየዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው ይህ መጽሐፍ በንዑስ ርእሱ ላይ አንባቢውን በግልጽ «ጅል» ይለዋል። ጅሉም አልተቀየመም፤ ከሁለት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ገዝቷል። ሚውር የመሐንዲስነት ሥራውን ትቶ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ቮልስ ሲጠግን የኖረ ሰው ነበር፤ በ1977 አርፏል። መጽሐፉን የሚጀምረው ስለ ሞተር በማውራት ሳይሆን ስለ አህያ ነው፦ ሰው እሱን የሚሸከመውን ፍጥረት ማድመጥ አለበት ይላል። በበቅሎ አሸተን ማርያም ለሚወጣ የላስታ ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። ፒተር አሽዋንደን በእጁ የሳላቸው ሥዕሎች ደግሞ የመጽሐፉ ግማሽ ነፍስ ናቸው፤ የተበታተነችው ቮልስ እያንዳንዱ ብሎን ወዴት እንደሚገባ ከማንኛውም ፎቶ የተሻለ ታሳያለች።

ቮልስ ለኛ እንግዳ አይደለችም። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር፤ አዲስ አበባ ውስጥም ዛሬ ድረስ ታጉረመርማለች። ሚውር ግን የጻፈው ለትንሿ ቮልስ ብቻ ሳይሆን አልጋና ምድጃ ተገጥሞላት ቤት ለሆነችው ኮምቢም ጭምር ነው። እኔም መጽሐፉን ያነበብኩት እንዲህ ያለች አሮጌ ኮምቢ ከወልድያ ተነሥታ በድልብና በኩልመስክ በኩል ወደ ገነተ ማርያም ስትወጣ እያሰብኩ ነው። አፄ ይኩኖ አምላክ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሠሩት የሚነገረው ውቅር ቤተ ክርስቲያን ካለበት ከዚህ መንደር ላሊበላ ሩቅ አይደለም። የዲናሞው ቺንጋ (ቀበቶው) መንገድ ላይ ለተበጠሰበት ሹፌር ግን ሩቅ ነው።

የመጽሐፉ ትልቅ ብልሃት እዚህ ላይ ይታያል። ምዕራፎቹ በዕቃ ስም ሳይሆን ሹፌሩ በሚያየውና በሚሰማው ነገር የተከፈሉ ናቸው። ቀይ መብራት በራ? ወደ ዲናሞው ምዕራፍ። አረንጓዴው በራ? ወደ ዘይቱ። ዲናሞ የቱ እንደሆነ የማያውቅ ሰው መብራቱን ግን ያያል፤ ስለዚህ የተጨነቀ ሰው በሚጀምርበት ቦታ መጽሐፉም ይጀምራል።

ቀዩ መብራት ደግሞ በቮልስ ላይ ቀላል ነገር አይደለም። ቺንጋው ዲናሞውን ብቻ በሚያዞርበት መኪና ላይ ቢበጠስ ባትሪው ለጊዜው ያደርሳል። በቮልስና እስከ እ.ኤ.አ. 1971 በተሠሩት ኮምቢዎች ግን ሞተሩን በአየር የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ የተተከለው በዲናሞው ዘንግ ጫፍ ላይ ነው። ቀበቶው ከተበጠሰ ዲናሞውም ማራገቢያውም አብረው ይቆማሉ፤ ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። «እስከሚቀጥለው መንደር ልድረስ» ያለ ሰው ሞተሩን ይቀብራል። እስከ 1970 በተሠሩት ሞተሮች ቀድሞ የሚጎዳው 3ኛው ሲሊንደር ነው፤ የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩን ይጋርድበታል።

ጥገናው በራሱ ቀላል ነው፤ 21 ቁልፍና ካቻቪቴ ይበቃል። ፑሊው ሁለት ክፋይ ነው፤ በመካከል ስስ ሮንደላዎች አሉ። ከመካከል ሲቀነሱ ቀበቶው ወደ ላይ ወጥቶ ይጠብቃል፤ የተቀነሱት እንዳይጠፉ ከዳዶው ሥር በውጭ በኩል ይቀመጣሉ። በአውራ ጣት ሲጫኑት 15 ሚሊሜትር ያህል መግባት አለበት። ከዚያ በላይ ከላላ ይንሸራተታል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ የዲናሞውን ኩሽኔት ይበላል። አዲስ ቀበቶ ትንሽ ከተነዳ በኋላ ስለሚለጠጥ እንደገና ይታያል።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከ1972 ጀምሮ ባሉት ኮምቢዎች ላይ ነው። ትልቁ ሞተር የገባባቸው ማራገቢያቸው በቀጥታ በክራንክ ሻፍቱ ላይ ስለሆነ ቺንጋው ቢበጠስም ሞተሩ ይቀዘቅዛል። ያው ቀይ መብራት አንዱን ሹፌር «አሁኑኑ ቁም»፣ ሌላውን «ተረጋግተህ ንዳ» ይለዋል። መጽሐፉ ሁለቱንም ዓይነት ይዟል፤ ነገር ግን እትም በእትም ላይ ሲጨመር «ያንተ የዚህ ዓመት ከሆነ ወደዚያ ዝለል» የሚለው በዝቶ የመጀመሪያው ጥራት ደብዝዟል። ዳገት ላይ የቆመ ሰው ገጽ ሲያገላብጥ መዋል የለበትም። ይህ ልዩነት በመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ መጻፍ ነበረበት።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ ቦታ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ሚውርን ደፍሮ መውቀስ ይከብዳል። መጽሐፉ የታተመባት ሳንታፌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,190 ሜትር ገደማ ናት፤ ሰውየው ደጋ ምን እንደሆነ ያውቃል። ላሊበላ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ያን ያህል መተንፈሻ ያጣል ማለት ነው። በዚህ ላይ ረጅም ዳገት በአንደኛ ማርሽ ሲጨመር ትንሽ የላላ ቺንጋ እንኳ ይቅርታ የለውም። ሳንታፌ ውስጥ ግን ቀበቶ ሱቅ ገብተው ይገዛሉ። ኩልመስክ ላይ ለአሮጌ ቮልስ የሚሆን ቀበቶ እንደሚገኝ ተስፋ አድርጎ መውጣት ሞኝነት ነው። በናይሎን ካልሲ ወይም በገመድ ይተካል የሚለው የመንገድ ወሬ ለቮልስ ብዙም አይሠራም፤ ማራገቢያው የሚጠይቀው ኃይል ካልሲ የሚችለው አይደለም።

ኮምቢዋ ቤት ስትሆን የሚመጣውን ጣጣም መጽሐፉ ችላ ያለው ይመስለኛል። ማቀዝቀዣና የውስጥ መብራት ከዚያው ባትሪ ሲመገቡ ዲናሞው እየደከመ መሆኑ ቶሎ አይታወቅም። ትልቁ ሞተር ያለው ሹፌር ቺንጋው ከተበጠሰበት እነዚህን ሁሉ አጥፍቶ በቀን ብርሃን ይንዳ፤ ካርቡራተር ያለው ሞተር ለእሳቱ የሚፈልገው ጥቂት አምፔር ብቻ ስለሆነ ደህና ባትሪ ለሰዓታት ያደርሰዋል።

ለማንኛውም መጽሐፉ ዛሬም ይገዛ፤ ከኩባንያዎቹ ደረቅ ማኑዋሎች ሁሉ ይበልጣል። ወደ ላስታ የሚወጣ ግን ሁለት ቀበቶ፣ 21 ቁልፍና ጥቂት ሮንደላ አብሮ ይያዝ፤ አብዛኞቹ ባለ 12 ቮልት ዲናሞ ሞተሮች የሚወስዱት ባለ 905 ሚሊሜትሩን ነው። ዕድሜያቸውን በቮልስ ሥር ያሳለፉ የአዲስ አበባ መካኒኮች ደግሞ የሚያውቁትን በአማርኛ፣ በሥዕል ቢያስቀምጡልን ምንኛ ጥሩ ነበር፤ አሳታሚዎችም ጋራዥ ድረስ ሄደው ይጠይቋቸው።