«ግጭት» ወይስ «ሽሚያ»?

በአንድ ሰርቨር የሚሠሩ ፕሮግራሞች የጋራ ሀብት የሚናጠቁበትን ሁኔታ «የሀብት ግጭት» ብሎ መሰየም ጽንሰ ሐሳቡን ያዛባል። አይ ቢ ኤም በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጣው ፓወር 4 ሁለት ኮሮች በአንድ ቺፕ ላይ ሆነው አንድ ካሽ ይጋሩ ነበር። በእንዲህ ያለ ሥርዓት አንደኛው ፕሮግራም ካሹን በራሱ መረጃ ሲሞላው የሌላው መረጃ ከዚያ ይወጣል፤ ሥራው ይዘገያል እንጂ አይበላሽም። «ግጭት» በመገናኛ መስመር ላይ መልእክቶች ተደራርበው ለሚበላሹበት ክስተት ሊቆይ ይገባዋል።

ስለዚህ «ሽሚያ» ይመረጣል። «ግጭት» አንባቢውን ብልሽት ያስፈልገዋል፤ «ሽሚያ» ግን መፍትሔው ለየተሻሚው ድርሻ መመደብ መሆኑን ይጠቁማል። ከዚሁ ግሥ የወጣው «አሻሚ» ግን ለድርብ ፍቺ የተያዘ ስለ ሆነ በዚህ ሙያ ባይገባ ይሻላል።