ነጥብ ሰጪው ማን ነው? ስፖንሰርና አድልዎ በኢንተርኔት ትምህርታዊ ጨዋታዎች ውስጥ

ጨዋታ ከትምህርት ጋር ያለው ዝምድና ለአገራችን ሕፃናት እንግዳ ነገር አይደለም። ገበጣ የሚጫወት ልጅ ጠጠር ሲያድል መቁጠርንና አስቀድሞ ማሰብን ይለማመዳል። ሰኞ ማክሰኞ የሚዘል ልጅም ሚዛኑን እየጠበቀ የሳምንቱን ቀናት ቅደም ተከተል ያጠናል። የእነዚህ ጨዋታዎች ሕግ በተጫዋቾቹ ዘንድ የታወቀ ሲሆን፣ ዳኞቹም ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። ከጠጠሩ በስተጀርባ ተቀምጦ ለአሸናፊው ሽልማት የሚቆርጥ ሌላ ወገን የለም።

በልደታ ኮንዶሚኒየም ዛሬ የሚታየው ግን ሌላ ነው። የድሮው ሠፈር በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ፈርሶ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ከተሠሩ ወዲህ፣ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ብዙ ቤተሰቦች አንድ ግቢ ይጋራሉ። ግቢው የመኪና ማቆሚያም፣ የልብስ ማስጫም፣ የኳስ ሜዳም ነው። ሲመሽ ልጆች ወደ ቤት ይገቡና የወላጆቻቸውን የእጅ ስልክ ይለምናሉ። ወላጅም «ትምህርታዊ» የሚል ቃል ያለበትን ጨዋታ ሲያይ ልቡ አርፎ ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ ጨዋታውን በነጻ ያቀረበው ማን እንደሆነና በምትኩ ከሕፃኑ ምን እንደሚፈልግ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም።

የዚህ ጥያቄ የመጀመሪያ መልስ ማስታወቂያ ነው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት የተዘጋጁ 135 የስልክ መተግበሪያዎችን መርምረው፣ 95 በመቶ በሚሆኑት ውስጥ ቢያንስ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ አግኝተዋል። ሕፃን ማስታወቂያንና ጨዋታን ለይቶ ለማየት ገና አልበሰለም። ከዚህም ሌላ ማስታወቂያው የሚወርደው ወላጅ በገዛው የኢንተርኔት ጥቅል ስለሆነ፣ «ነጻ» የተባለው ጨዋታ ለልደታው ቤተሰብ በእርግጥ ነጻ አይደለም።

ማስታወቂያ ቢያንስ ለዐዋቂ ዓይን ይታያል። ከዚያ ይልቅ ብርቱ የሆነው ተጽዕኖ የሚገኘው በጨዋታው ሕግ ውስጥ፣ ማለትም ነጥብና ሽልማት በሚሰጥበት መንገድ ላይ ነው። በሰሜን አሜሪካ ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው ፕሮዲጂ የተባለ የሒሳብ ጨዋታ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2021 የሕፃናት መብት ተሟጋቾች ለአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ባቀረቡት አቤቱታ፣ በ19 ደቂቃ ጨዋታ ውስጥ ለክፍያ አባልነት የሚጋብዙ 16 ማስታወቂያዎችን ሲያዩ፣ የቀረቡላቸው የሒሳብ ጥያቄዎች ግን 4 ብቻ እንደነበሩ ገልጸዋል። ከፋይ ልጆች የተሻለ ጌጥና ሽልማት ሲያገኙ የማይከፍሉት ይህን እያዩ ይጫወታሉ። እንዲህ ያለው ጨዋታ ከሒሳቡ ጎን ለጎን የወላጅ ገንዘብ ከዕውቀት ይልቅ እንደሚያስቀድም ያስተምራል።

ችግሩ የትርፍ ድርጅቶች ብቻ ነው ማለት ግን አይቻልም። በበጎ አድራጎት ስም የሚቀርበው መሣሪያም የራሱ ዝንባሌ እንዳለው የአገራችን ተሞክሮ ያሳያል። «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 በኦሮሚያ ክልል በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት መንደሮች ለሚኖሩ ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ያለ መምህር አደለ። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት በሰጡት መግለጫ፣ ሕፃናቱ በአጭር ጊዜ ውስጥ መሣሪያውን ከፍተው እንደተጠቀሙ፣ በሁለት ሳምንትም የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር መዘመር እንደጀመሩ ተናገሩ።

የሕፃናቱ ንቃት የሚደነቅ ነው። ነገር ግን በዚህ መግለጫ ውስጥ እንደ ትምህርት የተቆጠረው ምን እንደሆነ መመልከት ያስፈልጋል። ስኬቱ የተለካው በእንግሊዝኛ ፊደል እንጂ ሕፃናቱ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በሚያነቡት ቃል አልነበረም። ውጤቱን ለዓለም ያበሠሩትም ሙከራውን ያዘጋጁት ወገኖች ራሳቸው ነበሩ። ወጪውን የሸፈነው፣ መለኪያውን የመረጠውና ውጤቱን ያወጀው አንድ ወገን ሲሆን፣ ሐሰት ባይነገርም አድልዎ መግባቱ አይቀርም።

አድልዎው እስከ ፊደል ድረስ ይዘልቃል። የእንግሊዝኛ ፊደል 26 ብቻ ስለሆነ አንድ በአንድ እየተነጠለ፣ ከሥዕል ጋር እየተጣመረ ሊቀርብ ይችላል። የአማርኛ 33 ፊደላት ግን ከግእዝ እስከ ሳብዕ ሲዘረዘሩ፣ ዲቃላዎቹን ሳይጨምር 231 ይሆናሉ። የፊደል ገበታ የሚቈጥር ልጅ ወደ ጎን ሲሄድ የአናባቢውን ለውጥ ያስተውላል፤ ዕውቀቱም የሚገነባው በዚሁ ዝምድና ላይ ነው። ለእንግሊዝኛ የታቀደ ጨዋታ ሥዕሉና ድምፁ ብቻ ወደ አማርኛ ቢመለስ፣ ፊደላቱን እንደ ተበተነ ጠጠር አንድ በአንድ ያቀርብና ዝምድናቸውን ይሰውራል። ቋንቋው ተተረጐመ እንጂ የማስተማሪያው ዘዴ አልተተረጐመም።

መምህራን ይህን መሰል ችግር ከዚህ ቀደምም አይተዋል። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀና በሳተላይት የሚሠራጭ ነበር። መሣሪያው ዘመናዊ ቢሆንም፣ ፍጥነቱ ተማሪው ሊከተለው ከሚችለው በላይ መሆኑና መምህሩን ተመልካች ማድረጉ ብዙ ቅሬታ አስነሥቷል። በሌላ በኩል ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀረበው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው የሕፃናት ዝግጅት በአገር ውስጥ፣ የአገሩን ልጅ በሚያውቁ ባለሙያዎች በአማርኛ የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ ዋናው ቁም ነገር መሣሪያው አዲስ ወይም አሮጌ መሆኑ ሳይሆን፣ ይዘቱን የሚወስነው ማን መሆኑ ነው።

አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ተማሪው እጅ ከመድረሱ በፊት በባለሙያዎች ይመረመራል። ጨዋታው ግን ማንም ሳያየው በቀጥታ በሕፃኑ እጅ ይገባል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 እና በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ጠቃሚ መሠረቶች ናቸው። ሆኖም ባሕር ማዶ የተሠራን ጨዋታ በየቤቱ ተከታትሎ የሚመዝን አዋጅ የለም፤ ይህ ሥራ የትምህርት ባለሙያውን ይጠይቃል።

ሥራውም ከባድ አይደለም። መምህሩ ጨዋታውን ለተማሪዎቹ ከመጠቆሙ በፊት ሰዓት ይዞ ለ20 ደቂቃ ራሱ ይጫወተው። በዚያ ጊዜ ስንት የትምህርት ጥያቄ፣ ስንት ማስታወቂያ፣ ስንት የክፍያ ግብዣ እንደቀረበለት ይቍጠር። ወጪውን የሸፈነው ማን እንደሆነ በግልጽ ተጽፎ እንደሆነ፣ ሽልማቱ የሚሰጠው ለትክክለኛ መልስ ወይስ ብዙ ሰዓት ለመቈየት እንደሆነ፣ የሕፃኑን ስም፣ ድምፅና መገኛ ይጠይቅ እንደሆነ ይመዝግብ። የዕቅድ ባለሙያዎች በበኩላቸው የየትምህርት ቤቱን ምዝገባ ሰብስበው ከሥርዓተ ትምህርቱ ጋር ቢያገናዝቡ፣ ስፖንሰሩ ከሚያቀርበው ሪፖርት የተለየ ነጻ መመዘኛ ያገኛሉ።

ስፖንሰርን በጅምላ መንቀፍ ተገቢ አይሆንም፤ ያለ ድጋፍ ብዙ መልካም ሥራ አይሠራም። ድጋፍ ሰጪው ግን ገንዘቡን ሲሰጥ የዳኝነቱን ወንበር አብሮ ሊወስድ አይገባም። በልደታ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ተቀምጦ ስልክ የሚነካ ሕፃን ትክክል ሠርተሃል የሚለውን ድምፅ ያምናል። ያ ድምፅ የማን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ የአስተማሪዎቹ ግዴታ ነው።