የሰባት ሚሊዮን ጽሑፎች ቆጠራና ከቆጠራው የቀሩት

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ብሂል የማያውቅ መምህር የለም። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ያረፈበት ነገር ራሱ ሲጠፋ ወራሹ ምን ይወርሳል? ብዙዎቹ የምርምር መጽሔቶች በወረቀት መታተማቸውን ትተው በኢንተርኔት ብቻ በሚወጡበት በአሁኑ ጊዜ ይህ ጥያቄ ተገቢ መልስ ይሻል።

መልሱን በቁጥር ለመስጠት ከሞከሩት አንዱ እንግሊዛዊው ምሁር ማርቲን ፖል ኢቭ ሲሆኑ፣ ጥናታቸው የወጣው በ2024 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጥናቱ የመረመረው 7,438,037 ጽሑፎችን ሲሆን፣ ሁሉም ክሮስሬፍ በተባለው ድርጅት በኩል ዲኦአይ የሚባል ቋሚ መለያ ቁጥር የተሰጣቸው ናቸው። ናሙናው ከእያንዳንዱ አባል አሳታሚ እስከ 1,000 ጽሑፍ በመውሰድ የተሰበሰበ ነው። ተመራማሪው እነዚህ ጽሑፎች እንደ ፖርቲኮና ክሎክስ ባሉት፣ ለዘለቄታ ጥበቃ በተቋቋሙት ማከማቻዎች መዝገብ ውስጥ መኖር አለመኖራቸውን ፈተሹ። ከመቶው 58 ያህሉ ቢያንስ በአንድ ማከማቻ ሲገኙ፣ 28 ያህሉ ግን፣ ይኸውም ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጡት፣ በአንዱም አልተገኙም። የቀሩት በልዩ ልዩ ምክንያት ከስሌቱ የወጡ ናቸው።

የጥናቱ ዋና ጥቅም አንድ ሥር የሰደደ እምነት ማፍረሱ ነው። ብዙዎቻችን ቋሚ መለያ ያለው ጽሑፍ ራሱም ቋሚ ይመስለናል። ነገር ግን መለያ ቁጥር አድራሻ ነው፤ ቤቱ ከፈረሰ አድራሻው ብቻውን አያስጠልልም። አሳታሚው ሲከስር፣ የድረ ገጹ ኪራይ ሳይከፈል ሲቀር፣ ወይም አዘጋጁ ጡረታ ሲወጣ መጽሔቱ ከነቅጾቹ ሊጠፋ ይችላል። ይህም ባዶ ሥጋት አይደለም። ሚካኤል ላክሶና ባልደረቦቻቸው በ2021 ባወጡት ጥናት፣ ከ2000 እስከ 2019 ባለው ጊዜ ውስጥ በነጻ ይነበቡ የነበሩ 174 መጽሔቶች ከኢንተርኔት መጥፋታቸውን አሳይተዋል።

መከላከያው ብዙ ቅጂ በብዙ እጅ ማኖር ነው። በ1999 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ሎክስ የተባለው ሥርዓት የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። በልዩ ልዩ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙ ኮምፒዩተሮች የአንዱን ጽሑፍ ቅጂ ይይዛሉ፤ ቅጂዎቻቸውን በየጊዜው ያመሳክራሉ፤ የተበላሸ ሲገኝም ከደኅናው ያድሱታል። አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ በሌሎች ቋንቋዎች በከፊል ወይም በቁርጥራጭ ብቻ ሲቀር በግዕዝ ሙሉውን የተገኘው፣ ጸሐፍት ከትውልድ ትውልድ እየገለበጡ ስላቆዩት ነው።

እንግዲህ የጥናቱን ጥቅም ካየን ዘንድ ጉድለቱንም እንመልከት። አንደኛ፣ ጥናቱ የዩኒቨርሲቲዎችን ማከማቻዎች አልፈተሸም። ስለዚህ «አልተገኙም» ከተባሉት ውስጥ አንዳንዶቹ በዚያ በሕይወት ሊኖሩ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ የተቆጠሩት ዲኦአይ ያላቸው ብቻ ናቸው። መለያ የሌለው መጽሔት ከዳኑትም ከጠፉትም ወገን አይደለም፤ ከነጭራሹ አልተቆጠረም። አነስተኛ አቅም ያላቸው የእኛ መሰል ተቋማት መጽሔቶች ደግሞ በዚህ ክፍል የመውደቃቸው ዕድል ሰፊ ነው።

ሦስተኛው ጉድለት እኛን በይበልጥ ይነካል። ጥናቱ የሚጠይቀው ቅጂው አለ ወይስ የለም ብሎ ነው፤ ይነበባል ወይ ብሎ አይጠይቅም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለፊደላቱ የራሱን ኮድ ይሰጥ ነበር። በዚህ ዓይነት ፕሮግራም የተተየበ ጥናት ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ይታያል። ፋይሉ አለ፤ ጽሑፉ ግን የለም። በ2005 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ የወጣው ፒዲኤፍ/ኤ የተባለው የሰነድ ዓይነት ፎንቱ ከሰነዱ ጋር አብሮ እንዲቀመጥ የሚያስገድደው ይህን መሰሉን ችግር ለማስቀረት ነው።

ነገሩ ለመምህራን ቀላል አይደለም። በትልልቅ መጽሔቶች የሚወጣ የፊዚክስ ጥናት ቢጠፋ ተመሳሳዩ በሌላ አገር ሊገኝ ይችል ይሆናል። ፊደልን ለጀማሪ ስለ ማስተማር፣ ወይም ተማሪዎቻችን በአማርኛ ሲጽፉ ስለሚያጋጥማቸው ችግር አንድ መምህር ያካሄደው ጥናት ከጠፋ ግን ሌላ አገር ሄደን አንፈልገውም። ተከታዩ መምህርም ሥራውን ከሀ ይጀምራል።

ስለዚህ መጽሔት የምናዘጋጅም ሆንን ጽሑፍ የምንልክ፣ ሁለተኛው ቅጂ የት እንደሚቀመጥ እንጠይቅ። መጽሔቱ የሚዘጋጀው ኦጄኤስ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ከሆነ፣ የፕሮግራሙ ባለቤት የሆነው የካናዳው ፐብሊክ ኖውሌጅ ፕሮጀክት ያለ ክፍያ የሚሰጠው የጥበቃ አገልግሎት አለ። አሮጌዎቹን ፋይሎች ፎንታቸው ገና በእጃችን ሳለ ወደ ዩኒኮድ እንለውጥ። ከእያንዳንዱ እትምም አንድ የታተመ ቅጂ ለተቋሙ፣ አንድ ደግሞ ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት እናስረክብ። የሚቀጥለው ቆጠራ ሲካሄድ የእኛ መጽሔቶች ቢያንስ ከሚቆጠሩት መካከል ይገኙ ዘንድ ሥራው ከአሁኑ መጀመር አለበት።